በቀሚስ ላይ የታጠቀችው ቀበቶ

ሀብተጊዮርጊስ ደንብ የሚወድ ሰው ነው። ዳውንታውን ዴንቨር ባለ አንድ ባለስድስት ፎቅ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሲሠራ፣ ቢጫውን መስመር በአንድ ጎማ እንኳ የረገጠ መኪና ሳያይ አልፎ አያውቅም። ባልደረቦቹ «መስመሩን ራሱ ያሰመረው ይመስል» እያሉ ይቀልዱበታል። እሱ አይስቅም። እዚህ አገር እንደመጣ፣ ምላሱ ለእንግሊዝኛው አልታጠፍ ብሎት አንዱም ሌላውም ሲያመናጭቀው፣ ያላመናጨቀው ነገር ቢኖር የተጻፈ ደንብ ብቻ ነው ብሎ ያምናል። ደንብ ሰው አይመርጥም ይላል። እስካለፈው መስከረም ድረስ ይህን ሲናገር ደረቱን ነፍቶ ነበር።

ከኦሮራ ከተማ በስተምሥራቅ፣ መኖሪያ ቤቱ አልቆ ባዶው ሜዳ በሚጀምርበት፣ የተኩስ ሜዳ አለ። በወር አንድ ቅዳሜ እዚያ ግጥሚያ ይደረጋል። አንድ ቦታ ተገትሮ ዒላማ መምታት እንዳይመስላችሁ። ተወዳዳሪው ሽጉጡን ታጥቆ ይቆማል፤ ማስጀመሪያዋ ሰዓት ጢጥ ስትል መዝዞ ይነሣና ከግድግዳ ግድግዳ እየሮጠ፣ በመስኮት እያጮለቀ፣ የካርቶኑንም የብረቱንም ዒላማ ይመታል። ፈጥኖ የሳተም፣ ተንቀርፍፎ የመታም አያሸንፍም። ሀብተጊዮርጊስን የሥራ ባልደረባው አንድ ጊዜ ይዞት ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ ሰባት ዓመት ሙሉ አልቀረም። የደንቡን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ስላጠናው፣ ክለቡ የመሣሪያ ፍተሻውን ጠረጴዛ ለሱ ሰጠው። «ሀብ ያሳለፈው አለፈ» ይላሉ ፈረንጆቹ፤ ስሙን ሙሉውን መጥራት አቅቷቸው ሀብ ብለው ቆርጠውታል።

በዚያ ክለብ ሁለት ምድብ አለ። «ኦፕን» የሚሉት ሁሉም ነገር የተፈቀደበት ነው፤ የማነጣጠሪያ መነጽር የተገጠመለት፣ እዚህም እዚያም የተሻሻለ ሽጉጥ የሚይዙ ሰዎች የሚፎካከሩበት። «ስቶክ» የሚሉት ደግሞ ከፋብሪካ እንደወጣ ሽጉጥና ተራ ቀበቶ ብቻ የሚፈቀድበት፣ በተለይ ለአዲሶች የታሰበ ምድብ ነው፤ ነባሮችም ይገቡበታል። በዚህ ምድብ ቀበቶው ቢያንስ በሦስት የሱሪ ቀበቶ ማስገቢያዎች ውስጥ ማለፍ አለበት። ይህችን አንቀጽ ያስጻፈው ራሱ ሀብተጊዮርጊስ ነበር። ከሱሪ ቀበቶ በላይ የሚለጠፈው ወፍራም የውድድር ቀበቶ ሽጉጡን ንቅንቅ አያስብለውም፤ አዲስ ሰው መጥቶ ያንን ሲያይ ጨዋታው የባለሙያዎች ብቻ መስሎት ይሸሻል ብሎ ነው የተከራከረው። አሳቡ መልካም ነበር፤ ይህንን አንነፍገውም።

የክለቡ ሊቀ መንበር ዴል የሚባል ጡረተኛ ነው። «ሀብ፣ ዙሪያህን እይ፤ ሁላችንም ሸምግለናል። ሰው አምጣ፤ በተለይ ሴቶች» እያለ ሲጨቀጭቀው ከረመ። ሀብተጊዮርጊስም መቅደላዊትን አመጣ።

መቅደላዊት እንግልውድ ውስጥ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች፤ ከሀብተጊዮርጊስ ጋር የአንድ ደብር ሰዎች ናቸው። አገር ቤት ፖሊስ ነበረች፣ ተኩስም አስተምራለች። ልጇ በጠና ታምማ በነበረ ጊዜ «ብትድንልኝ ሱሪ አልለብስም» ብላ ለእመቤታችን ተስላ፣ ልጅቷ ስትድን ስለቷን ጠበቀች። ሥራ ቦታዋ እንኳ አለቃዋን አስፈቅዳ በረጅም ቀሚስ ነው የምትገባው። ደብሩ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ሀብተጊዮርጊስም ያውቃል።

የግጥሚያው ቀን ጠዋት ሁለተኛ ሽጉጡንና አሮጌ ቀበቶውን አዋሳት። ቀበቶው ለወገቧ ሰፋ። ከመኪናው መዶሻና ምስማር አውጥቶ አንድ ቀዳዳ በሳላትና ቀሚሷ ላይ ስትታጠቀው ቆሞ አየ። ማስገቢያ የሚባል ነገር እዚያ ቀሚስ ላይ የለም። አንቀጿ ትዝ አለችው። ግን አዲስ መጪ ናት፤ የመጀመሪያ ቀኗ ነው፤ ማንን ትጎዳለች? አሮጌ ቀበቶ ነው፣ ምንም ጥቅም አይሰጣትም። «አልፈሻል» ብሎ ወረቀቷ ላይ ፈረመ። እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ ስለሱ የሚወራ ክፉ ነገር አይኖርም ነበር።

ግጥሚያው ስድስት ዙር ነው። የውድድር ዓመቱ መጨረሻ ስለነበር የስቶክ አንደኛ ክለቡን ወክሎ ወደ ክፍለ ግዛቱ ውድድር ይሄዳል። ሀብተጊዮርጊስ ሦስት ዓመት በተከታታይ ሁለተኛ ወጥቷል፤ ያሸነፉት ሁለቱ ሰዎች ዘንድሮ አልመጡም። ይህ ዓመት የኔ ነው ብሎ ለሚስቱ ለልዕልት ሳይቀር ነግሯታል።

በመጀመሪያው ዙር መቅደላዊት ጥሩ ተኮሰች። ደስ አለው፤ «ትከሻሽን ዘና አድርጊ፣ ውኃ ጠጪ» እያለ ከኋላዋ አልጠፋ አለ። በሁለተኛው ሰዎች መሰብሰብ ጀመሩ። በሦስተኛው፣ ያንን ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብሰብ አድርጋ በበሩ ዞር ብላ አራት ብረት በአራት ጥይት ስትጥል፣ ሜዳው ጮኸ። ሀብተጊዮርጊስም አጨበጨበ። ከዚያ ነጥቡ ወደሚመዘገብበት ታብሌት ሄዶ አየ። አንደኛ መቅደላዊት፣ ሁለተኛ ሀብተጊዮርጊስ።

የቅናት ነገር አስቀያሚ ነው፤ ራሱን ደንብ አስመስሎ ይመጣል። «እኔ እኮ ፈታሽ ነኝ» አለ ለራሱ። «ዛሬ እሷን ዝም ካልኩ ነገ ሌላውን በምን አፌ እመልሳለሁ?» ጠዋት ያልታየው ኃላፊነት አሁን ድንገት ታየው። መጽሐፉን ይዞ ሄደ፤ አራተኛውን ዙር ልትጀምር ስትዘጋጅ ደረሰባት።

«ማም፣ ቀበቶሽን ማየት እችላለሁ?» አላት በእንግሊዝኛ፣ ዴልና ሌሎቹ እየሰሙ።

«ምን ሆኗል ሀብቴ?» አለችው።

እሱ አንቀጿን አነበበ፤ ጥርት ባለ እንግሊዝኛ፣ የአንቀጹን ቁጥር ሳይቀር። ዴል ጭንቅላቱን አከከ። «ሀብ፣ የመጀመሪያ ቀኗ ነው፤ ልናልፋት አንችልም?»

«ሩል ነው» አለ ሀብተጊዮርጊስ።

በመሣሪያ ነገር የመጨረሻው ቃል የፈታሹ ነው። መቅደላዊት ወደ ኦፕን ተዛወረች። በዚያች የተዋሰቻት ተራ ሽጉጥ መነጽር ከገጠሙት ጋር ተፎካክራ አሥራ ሰባተኛ ወጣች። ሀብተጊዮርጊስ የስቶክ አንደኛ ሆነ። ዴል ከእንጨት የተሠራችውን ሽልማት ሲሰጠው፣ «ይህ ሰው የገዛ አገሩን ልጅ እንኳ ያላለፈ ሐቀኛ ነው» አለ፤ ጭብጨባው ቀለጠ። መቅደላዊት እስኪያልቅ ቆማ ጠበቀችና ሽጉጡንም ቀበቶውንም መለሰችለት። «እንኳን ደስ ያለህ» አለችው። ሞንትቤሎ ሰፈር ያለው ቤቱ እስኪደርስ ድረስ ይህችው «እንኳን ደስ ያለህ» ጆሮው ላይ አቃጨለች።

ልዕልት ሽልማቷን ሳሎን ቴሌቪዥኑ አጠገብ አቆመቻት። እንግዳ በመጣ ቁጥር «የኔ ባል እኮ ለወገኑም አያዳላም!» እያለች ታሪኩን ትናገራለች። እሱ ውኃ ልጠጣ ብሎ ወደ ወጥ ቤት ይሄዳል። እንግዳው እስኪወጣ ሦስት አራት ብርጭቆ ውኃ ይጠጣል። አንድ ቀን ሽልማቷን ከመጻሕፍት ጀርባ ደበቃት፤ ልዕልት አግኝታ፣ ወልውላ መለሰቻት። «ምነው አፈርክባት?» ብላ ሳቀች። አዎ ቢላት ያልቅለት ነበር፤ አላላትም።

ሥራ ቦታም አልለቀቀውም። ቢጫ መስመር የረገጠ መኪና ያይና ማስጠንቀቂያ ወረቀቱን ያወጣል፤ ከዚያ ‹አንተ ብሎ ደንብ አስከባሪ› ብሎ ወደ ኪሱ ይመልሰዋል። ቅዳሴ ላይ መቅደላዊትን በሴቶቹ በኩል ሲያያት ዓይኑን ወለሉ ላይ ይተክላል። እሷ ግን እንደ ወትሮዋ ከሩቅ ጎንበስ ብላ ሰላም ትለዋለች። ብትቆጣው ይሻለው ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ዴል ደወለ። ከመቅደላዊት ጋር የሚሠሩ አራት ሴቶች ለጀማሪዎች ሥልጠና ተመዝግበው ነበር፤ አራቱም ስማቸውን አሰርዘዋል። «የሆነ ነገር ታውቃለህ?» አለው። «አላውቅም» አለ ሀብተጊዮርጊስ። ስልኩን ሲዘጋ፣ «አሁንስ ውሸታምም ሆንኩ» አለ ለራሱ። በማግስቱ ፈቃድ ጠይቆ፣ ሽልማቷን በፌስታል ይዞ፣ እንግልውድ ሄደ።

መቅደላዊት በዘጠኝ ሰዓት ከሥራ ስትወጣ ከመኪናዋ አጠገብ ቆሞ አገኘችው።

«ሀብቴ! ደኅና ነህ? ምነው ሰው ታሞ ነው?»

«ኧረ ማንም አልታመመም። ስለዚያ ቅዳሜ ላወራሽ ነው መቅዲ።»

«እሱ ካለፈ ስንት ጊዜው።»

«ለኔ አላለፈም።» ፌስታሉን ከእጅ ወደ እጅ አዘዋወረ። «ቀበቶውን ጠዋት አይቼዋለሁ። ቀዳዳውን ራሴ ነኝ የበሳሁልሽ። ሩሉንም ያስጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አልረሳሁትም። ምን ችግር አለው ብዬ አሳለፍኩሽ። ከሦስተኛው ስቴጅ በኋላ ታብሌቱን ቼክ ሳደርግ አንቺ ፈርስት ነሽ። ያኔ ነው ሩሉን ያነሣሁት። ቀናሁብሽ። ይኸው ነው።»

ሐቁን ሲነግራት ትደነግጣለች ብሎ ነበር። አልደነገጠችም።

«አውቃለሁ» አለችው።

«እንዴት አወቅሽ?»

«ጠዋት ሙሉ በአማርኛ ስታወራኝ አልነበር? መቅዲ እንዲህ አድርጊ፣ መቅዲ ውኃ ጠጪ... ሩሉን ልታነብልኝ ስትመጣ በእንግሊዝኛ ሆነ። ማም አልከኝ። እኔ በአማርኛ ስጠይቅህ በእንግሊዝኛ መለስክልኝ። ሆድህ ንጹሕ ቢሆን ኖሮ ‹መቅዲ ጉድ ፈላ፣ ይህን ቀሚስ ምን እናድርገው› ነበር የምትለኝ።»

ፊቱ እንደ እሳት ጋለ። ፌስታሉን ዘረጋላት።

«ያንቺ ነው። ውሰጂው።»

«ምን ላደርገው?» እጇን አላነሣችም። «አንተ ቀሚሴ የስለት መሆኑን ታውቃለህ። እነሱ ግን ሩል የማታውቅ ሴት መጣች ብለው ነው የያዙኝ። ጓደኞቼም የቀሩት ለዚህ ነው፤ እኛንም እንደዚያ ሊያሳፍሩን ነው ወይ ብለው። ለኔ በአማርኛ ነገርከኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ለነሱ ደግሞ በእንግሊዝኛ ንገራቸው።»

መኪናዋን አስነሥታ ሄደች።

የክለቡ ስብሰባ በዚያው ሳምንት ረቡዕ ነበር። ዴል አጀንዳውን ሳይጀምር ሀብተጊዮርጊስ እጁን አወጣና ተነሣ። ያ አንቀጽ በቁጥሩ የሚያነብ እንግሊዝኛ የት እንደገባ እንጃ፤ ምላሱ ተሳሰረ። ቢሆንም ተናገረው፤ ጠዋት እንዳየ፣ ዝም እንዳለ፣ ነጥቡን ካየ በኋላ እንደዞረባት፣ ቀሚሱም የስለት መሆኑን። ሽልማቷን ጠረጴዛው ላይ አኖራት።

ደግ ሰዎች ናቸው፤ ያ ደግነታቸው ደግሞ ባሰበት። አንዱ «ያም ሆነ ይህ ደንቡ እኮ ትክክል ነበር» አለው። ዴልም «በራስህ ላይ አትጨክን ሀብ፤ ጠዋትም ቢሆን ትዛወር ነበር» አለ። እሺ ብሎ ቢቀመጥ የሚያስገድደው አልነበረም።

«አትዛወርም ነበር» አለ። «ጠዋት ብነግራት መርፌና ክር ፈልጋ ሦስት ማስገቢያ ትሰፋበት ነበር። እንድትሰፋ ጊዜ አልሰጠኋትም። ጊዜ የነበራት እኔ ዝም ባልኩበት ሰዓት ነው።»

ዴል የፍተሻውን ጠረጴዛ ሌላ ሰው እንዲይዘው፣ አንደኝነቱም ወደ መቅደላዊት እንዲዛወር ጠየቀ፤ ሁሉም እጅ አወጡ። ሀብተጊዮርጊስም አወጣ። አንዲት አሮጊት ደግሞ «ሱሪ» የሚለው ቃል ከአንቀጹ ወጥቶ «ልብስ» እንዲባል አሳሰቡ። ሰባት ዓመት ደንብ ያጠና ሰው ይህን አንድ ቃል ሳያስብ መቅረቱ አንገቱን አስደፋው።

መኪናው ውስጥ ገብቶ ለመቅደላዊት ጻፈላት። «ነገርኳቸው። በእንግሊዝኛ።»

መልሷ ወዲያው መጣ። «ስንት ሰው ነበር?»

«አሥራ አራት» ብሎ ጻፈ።

«ሲያጨበጭቡልህ ግን ከስልሳ በላይ ነበሩ።»

ሀብተጊዮርጊስ ብዙ ጽፎ አጠፋ፤ ጸጸቱን፣ እንቅልፍ ማጣቱን፣ ልዕልትን፤ ሁሉንም አጠፋው። በመጨረሻ «የፊታችን ቅዳሜ ግጥሚያ አለ። ሁሉም ይመጣሉ። ተኩሱ ሳይጀመር እነግራቸዋለሁ» ብሎ ላከ።

«እመጣለሁ» ብላ መለሰች። «ስትነግራቸው ልስማ። መተኮሱን ከዚያ በኋላ አስብበታለሁ።»