ኢተፋ ያልሰማው ፉጨት

ኢተፋ አዳማ ውስጥ የታወቀ መካኒክ ነው። ፀጉሩ ከሸበተ ቆይቷል፤ ደንበኞቹ ጋሽ ኢተፋ ይሉታል። መኪናው የሚያንኳኳበት፣ የሚያጓራበት ወይም የሚያፏጭበት ሰው ሌላ ቦታ ለፍቶ ሲያበቃ ወደ እሱ ይመጣል። ኢተፋም የረጅሙን ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ ያሳርፍና እጀታውን ጆሮው ላይ ደግፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «ይሄ ነው» ይላል። ብዙ ጊዜም እንዳለው ይሆናል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት መሳይ የሚባል የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ነጭ ፊልድ መኪና ይዞ መጣ። ያገለገለች ናት፤ ከገዛት ገና ወር አልሞላውም። ሚስቱ ሊዲና ትንሿ ልጃቸው ከኋላ ተቀምጠዋል። ሻንጣቸውም ተጭኗል።

«ቡልቡላ አማቶቼ ጋ ልንሄድ ነው» አለ መሳይ። «ጉድጓድ ስትገባ ቋ ቋ ትላለች። ፍጥነት ስጨምር ደግሞ ከፊት፣ ከግራ በኩል ቀጭን ፉጨት አለ።»

ኢተፋ መሪውን ይዞ ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ነድቷት ተመለሰ። ቋቋታውን ወዲያው ለየው። ከፊት በብረቶቹ መሃል ያለው ላስቲክ፣ ጎሚኒው፣ አልቆ ብረት ከብረት እየተጋጨ ነበር። ጎሚኒውን ቀየረው። ፉጨቱን ግን አልሰማም። ባይሰማም አልተጨነቀም፤ በእሱ ቤት እሱ ያልሰማው ድምፅ የለም ማለት ነው።

«ፉጨቱ የነፋስ ነው፤ የበሩ ማሸጊያ ላልቷል። ምንም አይልህም፤ በሰላም ግቡ» አለው።

«እግዜር ይስጥልኝ፤ ቆቃ ላይ አሳ አብልቻቸው በድሮው መንገድ ቀስ እያልን እንሄዳለን» አለ መሳይ፤ ወጡ።

ኢተፋ እጁን በቤንዚን ታጥቦ ከጋራዡ በር ላይ ሻይ ከምትሸጠው ከጉዲቱ አጠገብ ተቀመጠ። ጉዲቱ የሻይ ብርጭቆ እያቀበለችው፣ «ኦቦ ኢተፋ፣ ያቺን ነጭ መኪና ሳትሠራት ለቀቅካት እንዴ?» አለችው።

«ሠርቻታለሁ እንጂ።»

«ታዲያ ምነው እንደ ጫጩት እየጮኸች ወጣች? ጎማዋ በዞረ ቁጥር ጭው ጭው ትላለች። እዚህ የተቀመጠው ሁሉ ዞሮ አየኮ።»

ኢተፋ የምትቀልድ መሰለው። ፊቷን ሲያየው ግን አትቀልድም። ስኳሩን እያማሰለችለት ነበር፤ ማንኪያው ከብርጭቆው ግራና ቀኝ ይጋጫል። ኢተፋ ማንኪያውን አየው። ሲመታ ያያል፤ ድምፅ ግን የለም። ምንም የለም።

«ጉዲቱ፣ እስኪ ብርጭቆውን ምቺው» አላት።

መታችው። «ምን ሆንክ?»

«በኃይል!»

ደጋግማ መታችው። አጠገባቸው የተቀመጡት ሰዎች ጆሯቸውን ሲይዙ አየ። ለእሱ ግን እንደ ጥጥ ነበር። ሚስቱ «ስልክህ ሲጠራ ለምን ዝም ትላለህ?» ብላ የምትጣላው፣ ጠዋት ጠዋት ወፎቹ የት ሄዱ ብሎ የሚገርመው፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣበት። የሚያጓራውንና የሚያንኳኳውን ይሰማል። ቀጭን ቀጭኑ ድምፅ ነው ከእሱ ተለይቶ የሄደው፤ መቼ እንደሄደ እንኳ አያውቅም።

ቀጥሎ የመጣበት ሐሳብ ከዚህም የባሰ ነበር። ጎማው በዞረ ቁጥር የሚያፏጭ የነፋስ ድምፅ የለም። እንዲህ የሚጮኸው ቅባቱ ያለቀ ኩሽኔታ ነው፤ ጎማውን አቅፎ የሚያዞረው እሱ ነው። እሱ ከተሰበረ ጎማው መንገድ ላይ ይወልቃል። ከኋላ ደግሞ ልጅ አለች።

መሳይ ጋ ደወለ። «ደንበኛውን አሁን ማግኘት አይችሉም።» ደግሞ ደወለ። ያው መልስ ነው። የመኪናውን ቁልፍ አነሳ።

«እኔ ልደውል፤ አንተ ንዳ» አለች ጉዲቱ። ማንቆርቆሪያዋን ለጎረቤቷ ሰጥታ፣ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ የኢተፋ አሮጌ ፒካፕ ውስጥ ገባች።

ሞጆ ሲደርሱ ወደ ደረቅ ወደቡ የሚገቡ ኮንቴነር የጫኑ መኪኖች መንገዱን ዘግተውታል። ኢተፋ ከንፈሩን እየነከሰ በአስፋልቱ ዳር ባለው ጥርጊያ መንገድ አለፈ። ቆቃ የአሳ ቤቶቹ በር ላይ ነጭ መኪና የለም። «አሁን ነው የወጡት፤ ሕፃን ይዘዋል አይደል?» አለች አሳ ጠባሿ። ዓለም ጤና አካባቢ ሰው መንገዱ ዳር ተሰብስቦ፣ የመኪና ጎማ ወደ ላይ ተገልብጦ ሲያይ ኢተፋ ፍጥነቱን ቀንሶ ወደ ዳር ያዘ።

«ያ ረቢ! ቲማቲም የጫነ መኪና ነው፤ እነሱ አይደሉም፣ ንዳ!» ብላ ጮኸች ጉዲቱ።

መቂ ሊገቡ ጥቂት ሲቀራቸው ነጯን መኪና ከፊታቸው አዩዋት። የግራ የፊት ጎማዋ እንደ ሰከረ ሰው ይወላገዳል። ኢተፋ ጥሩምባውን ነፋ፤ መብራት እያበራ እያጠፋ ተጠጋ።

መኪናዋ ፍጥነት ጨመረች።

እሱም ጨመረ። እነሱም ይበልጥ ጨመሩ። በዚያ ሰሞን ስለ መንገድ የሚወራው ወሬ ደግ አልነበረም። ሰው አስቁመው ይዘርፋሉ፣ አግተው ይወስዳሉ ይባላል። መሳይ በመስተዋቱ የሚያየው፣ መብራት እያበራ የሚያሳድደው የማያውቀው አሮጌ ፒካፕ ነው። ኢተፋ ይህ የገባው ከነጯ መኪና ጎማ ሥር ቀጭን ጢስ ሲወጣ ባየ ጊዜ ነው።

«እኔ ነኝ እየገደልኳቸው ያለሁት» አለ። እግሩን ከነዳጅ መስጫው ላይ አነሳ።

ማሳደዱን ትቶ መራቅ ነበረበት። የሚያውቀውን አደጋ ከኋላ ሆኖ እያየ ወደ ኋላ መቅረት፤ በሕይወቱ እንዲህ ያለ ከባድ ነገር አልገጠመውም። መኪናዋ እየራቀች፣ እያነሰች ሄደች። የሽንኩርት ጆንያ የተከመረበት መጋዘን ጋ ታጥፋ ከዓይኑ ተሰወረች። ላብ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ጉዲቱ ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሳ ትደውላለች፤ ትደውላለች።

«ጠራ!» አለች በድንገት። «ሃሎ! መሳይ? ሚስቱ ነሽ? እኅቴ፣ አትፍሩ፣ ከኋላችሁ ያለው ጋሽ ኢተፋ ነው! መካኒኩ!»

ኢተፋ ስልኩን ነጠቃት። «ሊዲ፣ ለመሳይ ንገሪው። ፍሬን በኃይል እንዳይረግጥ። መሪውን እንዳያጥፍ። ነዳጁን ብቻ ይልቀቅ፤ ራሷ እስክትቆም።»

ሊዲ የመለሰችለትን አልሰማም። ቀጭን ድምፅ ነበራት። ስልኩን ለጉዲቱ መለሰና ፊቷን ያይ ጀመር። ጉዲቱ አፏን በእጇ ይዛ ታዳምጣለች። ቆይታ ዓይኗን ጨፈነች።

«ቆሙ» አለች።

ሲደርሱ መኪናዋ ከመቂ መግቢያ፣ ከአስፋልቱ ዳር ግማሽ ጎኗ ሣር ላይ ሆኖ ቆማለች። ኢተፋ በክሪክ አነሳት። ቸርኬው ያቃጥላል። ጎማውን በሁለት እጁ ሲይዘው እንደሚወልቅ የልጅ ጥርስ ወዲያና ወዲህ አለ። መሬት ላይ ተቀመጠ። ልጅቷ ኋላ ወንበር ላይ እንቅልፍ ወስዷታል።

መሳይ ከላዩ ቆሟል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። «ነፋስ ነው አልከኝኮ ጋሽ ኢተፋ።»

«አልሰማሁትም።»

«እንዴት አትሰማም? እኔ መኪና የማላውቀው ሰምቼ ነገርኩህ!»

«ጆሮዬ ነው። አይሰማም። ዛሬ ነው ያወቅኩት።» ይህን ጮክ ብሎ ሲናገር የመጀመሪያው ነበር፤ ከተናገረው በኋላ ፍርሃቱ ባሰበት። «ስላልሰማሁ የለም አልኩህ። እናንተን ልገድላችሁ ነበር።»

መሳይ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ሊዲ ከመኪናው ወርዳ ልጇን ታቅፋ አለቀሰች። ጉዲቱ አጠገቧ ሄዳ ትከሻዋን ያዘቻት።

ኩሽኔታውን መቂ ያለ ሌላ መካኒክ ቀየረው። ኢተፋ አጠገቡ ቆሞ እያንዳንዱን ቡሎን ሲያጠብቅ ተመለከተ እንጂ እጁን አላስገባም። እነ መሳይ ወደ ቡልቡላ መንገዳቸውን ቀጠሉ። መሳይ ሲሰናበተው እጁን አልጨበጠውም።

ኢተፋ አዳማ ሲመለስ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሐኪሟ ብዙ ዓመት ከሞተርና ከመዶሻ አጠገብ የኖረ ጆሮ እንዲህ እንደሚሆን፣ የጠፋው እንደማይመለስ፣ የቀረውን ግን መጠበቅ እንደሚቻል አስረዳችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ደንበኛ ሲመጣ ኢተፋ አስቀድሞ ይናገራል፦ «ቀጭን ድምፅ አይሰማኝም። የሚያዳምጠው አዲሱ ባልደረባዬ ጋዲሳ ነው፤ እኔ እፈታለሁ።» አንዳንዱ ሰምቶ መኪናውን አዙሮ ይሄዳል። ፍርሃቱ አለቀቀውም። መኪና ከበሩ በወጣ ቁጥር ከዓይኑ እስኪሰወር ጎማውን ያያል።

መሳይ ተመልሶ አልመጣም። ክረምቱ ሲወጣ ግን ሊዲ ነጯን መኪና ራሷ እየነዳች መጣች። ቡልቡላ ልትሄድ ነው። ጋዲሳ ነድቶ አዳመጠና፣ «ደህና ናት፤ ምንም አይሰማም» አለ። ኢተፋ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ክሪኩን አምጥቶ አራቱንም ጎማዎች ተራ በተራ እያነሳ፣ እያዞረ፣ መዳፉን አስደግፎ ሲፈትሽ አረፈደ። ሊዲም ከጉዲቱ ጎን ተቀምጣ ጠበቀችው።