ባጃጅ ነው ያልኩት ድምፅ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ጾም መሻሬን፣ ተማሪ መምታቴን፣ ባለቤቴን ክፉ ቃል መናገሬን አንድ ባንድ ዘርዝሬ ነግሬአቸዋለሁ፤ እዚህች ላይ ስደርስ ግን ምላሴ ይተሳሰራል። «ይቺ ደግሞ ኃጢአት ትባላለች?» እያልኩ ራሴን ሳባብል ሁለተኛው ዓመት ሊሞላኝ ነው። ትባላለች። ያደረግኳት እኔ ነኝ፤ ሳላውቅ አይደለም፣ ተገድጄም አይደለም። እንግዲህ ቁጭ በሉና ስሙኝ፤ መሐል ላይ ሳዝን ብታዩኝ ግን አታባብሉኝ።

ጋሽ ነስሩን ያወቅኋቸው ቡታጅራ በመምህርነት በተመደብኩበት ዓመት ነው። ግቢያቸው ውስጥ አንዲት ክፍል አከራዩኝና ሰባት ዓመት ኖርኩባት፤ ከሁለተኛው ዓመት በኋላ ግን ተከራይ መሆኔን ሁላችንም ረስተነው ነበር። እኔ የቸሃ ልጅ፣ ክርስቲያን፤ እሳቸው የመስቃን ሰው፣ ሙስሊም። በረመዳን ሾርባው ለእኔም ይደርሰኛል፤ በሁዳዴ ደግሞ ነፍሳቸውን ይማርና ባለቤታቸው የእኔን ጎመን ለብቻው ይሠሩልኝ ነበር። ጋሽ ነስሩ በሰፈሩ የተጣላ የሚያስታርቁ፣ ቃላቸው የሚከበር ሽማግሌ ናቸው። በሥራ ዘመናቸው የከብት ክትባት ባለሙያ ነበሩ። በአንዲት ቀይ ሞተር ሳይክል አገሩን ሲያካልሉ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ በጨረታ ገዝተው ቤታቸው አስገቧት። የድሮ ሥሪት ናት፤ ዘይት ከቤንዚን ጋር ቀላቅለው ካልሰጧት የማትሄድ፣ ሰማያዊ ጭስ የምታጨስ። ቆማ ስትሠራ ድምፅዋ ያነክሳል፦ ጠን፣ ጠን-ጠን፣ ዝም፣ ደግሞ ጠን። ባላገሩ ይህን ከሩቅ ሰምቶ ከብቱን ይሰበስብ ነበር ይላሉ።

ከዓመታት በኋላ፣ ወልቂጤ ተዛውሬ ትዳር ይዤ፣ ልጠይቃቸው ስሄድ እግራቸው አብጦ ልባቸው ደክሞ አገኘኋቸው። ሞተሯ ከጓሮ፣ ጣሪያው በሚያፈስ ዳስ ሥር፣ የማዳበሪያ ጆንያ ለብሳ ቆማለች።

«መምህር፣ የአንተ እጅ መቼም ሥራ ፈትቶ አያውቅም» አሉኝ። «ይቺን ውሰዳትና አንሣልኝ። ለመጪው አረፋ ልጆቼ በሙሉ ከአዲስ አበባ ይገባሉ። ኢንሻአላህ ደጄ ላይ፣ ሞተሬ ላይ ተቀምጬ ልቀበላቸው። ከዚያ አንተ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን አንድ ዙር ታዞረኛለህ። ሌላ ነገር አልፈልግም።»

«ቃሌ ነው፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ኢሱዙ ላይ ጭኜ ወልቂጤ አመጣኋትና በረንዳዬ ላይ በታተንኳት። እኔ የጂኦግራፊ አስተማሪ እንጂ መካኒክ አይደለሁም። የማላውቀውን ስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ፣ ቪዲዮው ያልነገረኝን የቶርኖ ቤቱን ሰውዬ እየጠየቅኩ ነው የሠራሁት። የአየር ማጣሪያው ውስጥ አይጥ ወልዳበት ነበር። ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ ስላለ ነጭ ጋዝ አፍስሼበት ዘጠኝ ቀን ጠበቅኩት፤ በአሥረኛው ቀን በእንጨት መታ ሳደርገው ወረደ። የጭስ ማውጫውን ከሰል ላይ አግዬ ውስጡ የተጋገረውን ጥቀርሻ አራገፍኩ። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት፣ ስርጉድ ስርጉዱን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ። ባለቤቴ ውድነሽ በሩ ላይ ቆማ «እኔን በሠርጌ ቀን እንኳ እንዲህ አድርገህ አላየኸኝም» ትለኛለች። እውነቷን ነው። እጄ ሲሠራ እኔ የት እንደምሄድ አላውቅም፤ ፀሐይዋ ከበረንዳው ጫፍ ተነሥታ እግሬ ሥር ስትደርስ ነው የምሳ ሰዓት ማለፉን የምነቃው።

ፒስተኑ ላይ የሚጠመጠሙት ቀለበቶች፣ ፋሻ የምንላቸው፣ አልቀው ስለነበር ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። በጥር፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። አራት ጊዜ ረገጥኳት፣ ዝም። በአምስተኛው አስነጠሰች። በስድስተኛው ተነሣች። ጭሱ አጥሩን ተሻግሮ ጎረቤት ግቢ ገባ። ውድነሽ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ እኔ አለቀስኩ።

ያን ጊዜ መደወል ነበረብኝ። ስልኩ ኪሴ ውስጥ ነበር። ለምን አልደወልኩም? «ሁለት ቀን ልሞክራትና» አልኩ። ሁለቱ ቀን ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ ወር።

ጠዋት ጠዋት ትምህርት ከመጀመሩ በፊት በጉብሬ መንገድ እወጣለሁ። ጉም መንገዱ ላይ ተኝቷል። በግራና በቀኝ እንሰቱ ከጉሙ ውስጥ ጫፍ ጫፉን ብቻ ያሳያል፤ ባሕር ዛፉ ጤዛውን ያንጠባጥብብኛል። ፍጥነት የላትም፣ እኔም አልቸኩልም። የተቃጠለው ዘይት ሽታ ከርጥብ አፈር ጋር ተደባልቆ ሲመጣ ዕድሜዬ፣ ያላረምኩት የፈተና ወረቀት፣ የሰው ወሬ ሁሉ ከላዬ ይወርዳል። ነቅቼ ነው የምነዳው ወይስ ተኝቼ? አንዳንዴ ቤቴ ተመልሼ ስቆም የመጣሁበትን መንገድ ማስታወስ ያቅተኛል፤ ከጉሙ ብቅ ብለው እጃቸውን ያነሡልኝ ገበያተኞች ብቻ ትዝ ይሉኛል። እንዲህ ያለ ደስታ በሕይወቴ አላየሁም። የሰው መሆኗን አውቅ ነበር፤ ደስታው ግን የእኔ ነበር።

አንድ ጠዋት እዚያው ጉም ውስጥ አንድ ሐሳብ መጣብኝ። መስቀል። ወንድሞቼ በየዓመቱ ለመስቀል ቸሃ የሚገቡት በመኪና ነው፤ እኔ ሚኒባስ ውስጥ ተጨናንቄ። በመጪው መስቀል ግን በዚህች ቀይ ሞተር፣ የመንደራችንን ሰፊ የሣር መንገድ፣ ጀፎረውን ይዤ፣ አባቴ በር ላይ ቆሞ እያየኝ ስገባ ታየኝ። አረፋ የሚውለው ከመስቀል በፊት ነው። ለአረፋ ከመለስኳት ልጆቻቸው ያዩአታል፣ አንዱ ይወዳታል፣ አለቀልኝ። የእሳቸውን በዓል ከራሴ በዓል ጋር አስተያየሁና የራሴን መረጥኩ። ይኸው ነው፤ ከዚህ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

ጋሽ ነስሩ በየሳምንቱ ይደውላሉ። «ፋሻው አልተገኘም፣ ጋሼ፤ መርካቶን አስፈትሼ አጣሁ።» ፋሻው ውስጧ ገብቶ እየሠራ። «ካርቡራተሩ ያፈሳል።» ጠብታ አያፈስም። ልታስታምማቸው ቡታጅራ የገባችው ትልቋ ልጃቸው ዘይነባ ስትደውልም ያንኑ ፋሻ አመጣለሁ። እሳቸው «አይዞህ፣ አትቸኩል፤ ደግሞ ክረምቱ ሳይገባ ይሁን» ይላሉ። የደከምኩ እየመሰላቸው ያዝኑልኝ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ነው። መንገድ ዳር ቆሜ ጉሙ ሲነሣ እያየሁ፣ ሞተሯን ሳላጠፋ፣ ስልኬ ጠራ። በልማድ አነሣሁት።

«መምህር፣ ሰላም አደርክ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጋሼ።»

ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ምንድን ናት እሷ፣ ከኋላህ የምትሰማው?»

«ባጃጅ ነው፣ ጋሼ። አጠገቤ ቆሞ ነው።»

«ባጃጅ።»

«አዎ፣ አሮጌ ባጃጅ።»

አልዘጉም። እኔም አልዘጋሁም። ጠን፣ ጠን-ጠን፣ ዝም፣ ጠን። ትንፋሻቸው ይሰማኛል። ጉሙ ከእንሰቱ ላይ ቀስ እያለ ሲላቀቅ፣ ሁለታችንም ከተራራው ማዶና ማዶ ሆነን እሷን እንሰማለን። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። እጄ ቁልፏ ላይ ነበረች፤ ማጥፋት እችል ነበር። ለምን አላጠፋኋትም? ይስሟት ብዬ ይሆናል፣ እንዲህ እንኳ ደስ ይበላቸው ብዬ። አይ፣ ይህን አሁን የጨመርኩት ነው፤ ሰርዙልኝ። ባጠፋት ባጃጅ አለመሆኗ ይታወቃል ብዬ ፈርቼ ነው።

«እሺ ልጄ፣ አላህ ያግዝህ» አሉና ዘጉ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ሞተሯ አንድ ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም። መደወሉን ግን አልተዉም። ስለ ልጆቼ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ተማሪዎቼ ይጠይቃሉ። ሁሉንም ጨርሰን ስናበቃ «ሌላስ?» ይላሉ። «ሰላም ነው፣ ጋሼ።» ጥቂት ይጠብቃሉ። «ሌላስ?» «ምንም የለም።» በአረፋ ዕለት እንኳን አደረሰዎ ልል ደወልኩ፤ ከኋላቸው የልጅ ልጆቻቸው ጫጫታ ይሰማል። ያን ቀንም «ሌላስ?» አሉኝ። ያን ቀንም ምንም የለም አልኩ።

ሐምሌ ሲገባ ዘይነባ ደወለች። «አባዬን ቀበርነው» አለችኝ።

በአውቶቡስ ሄድኩ። ድንኳኑ ሥር እንደተቀመጥኩ ሴቶቹ ካሉበት ወጥታ አጠገቤ መጣች፤ ለእሷ ወንድሟ ነኝ። ዓይኗ አብጧል።

«መጨረሻው ከበደን፣ ወንድሜ» አለች። «አእምሮው ተነካብን። ‹ሞተሯ ተሠርታለች፣ በጆሮዬ ሰምቻታለሁ› ይላል። ‹ታዲያ ለምን አምጣ አትለውም?› ስንለው፣ ‹እሱ ራሱ እስኪነግረኝ ነው የምጠብቀው› ይላል። አንተ ፋሻው እንዳልተገኘ ነግረኸኝ የለ? እሺ፣ እሺ ብቻ እንለዋለን። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ወጥቶ ጆሮውን ወደ መንገዱ ሰጥቶ ይቆማል። ይጠፋብናል ብለን ግቢውን መቆለፍ ጀመርን። ሽማግሌዎቹም ይህን ሰሙና ለዕርቅ መጥራቱን ተዉት። እሱ ነው ይበልጥ የጎዳው።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ለእኔ እዚያ ምንጣፍ ላይ ጠራልኝ። ሰውዬው ሞተር አልነበረም የሚጠብቁት፤ እኔን ነበር። አንዲት ቃል። ልናገር አፌን ከፈትኩ። ከአፌ የወጣው ግን ይኸውላችሁ፦

«ዕድሜ ነው እንግዲህ፤ ምን ይደረጋል።»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። የመጀመሪያውን ውሸት ለደስታዬ ስል ዋሸሁት ልበል። ይኸኛውስ? ሬሳቸው ገና ከመቀበሩ፣ በልጃቸው ፊት፣ እብድ አደረግኳቸው።

ዘይነባ «ሞተሯ ዕቃዋ ሲሟላላት ያንተ ትሁን፤ ለአባዬ የደከምክባት አንተ ነህ» አለች። አመሰገንኳት። ለመስቀልም ጀፎረውን ይዤ ገባሁ። እልል ተባለ፣ አባቴ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። አላስመስልም፦ ደስ ብሎኝ ነበር።

ያለፈው አረፋ ልጆቻቸውን ልጠይቅ ስሄድ የዘይነባ ታናሽ ወንድም የአባቱን ነገር ያወራ ነበር። ተነሥቶ በሩ ላይ ቆመ፣ መዳፉን ጆሮው ላይ አደረገና «መጣች! መጣች!» አለ። በክፋት አይደለም፣ በናፍቆት ነው። ቤቱ ሳቀ፤ ዘይነባ እየሳቀች እንባዋን ጠረገች። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የሚሉት ነገር አልሆነልኝም።

ስለዚህ ጻፍኩት። ሲያልቅ ይዤው ቡታጅራ እሄዳለሁ፤ ዘይነባ አንብባ እስክትጨርስ ፊቷ ቆሜ እጠብቃለሁ። ይቅር በሉኝ ለማለት አይደለም። ይቅርታው በየሳምንቱ በስልክ ሲቀርብልኝ «ምንም የለም» ያልኩ ሰው ነኝ።

ዘይነባ፣ አባታችሁ አእምሯቸው አልተነካም። እስከ መጨረሻዋ ቀን ድረስ ከሁላችንም ጤነኛው እሳቸው ነበሩ። ሞተሯ ከጥር ጀምሮ ትሠራ ነበር፤ ግቢውን ያስቆለፍኳችሁ እኔ ነኝ። ለወንድምሽ ንገሪው፣ ለሽማግሌዎቹም አንድ በአንድ ንገሪያቸው፦ ጋሽ ነስሩ የሰሙት ሞተራቸውን ነው።