ከአላል ማሳ የሚወርደው ነፋስ

ሐዱም ለዘር የሚሆነውን ተክል የምትለየው በዓይኗ አይደለም። ቅጠሉን በሁለት ጣቶቿ አሸት አድርጋ ታሸታለች፤ ከዚያ ግንዱን ጎንበስ አድርጋ ትለቀዋለች። ቶሎ ቀና ካለ ያልፋል። ረጅሙንና ወፍራሙን ትታ፣ ያለ ውሃ በጋውን የቻለውን አጭሩን ትወስዳለች። ከከታማ ከተማ በላይ ባለው ሸለቆአችን ኪፍ የምንለውን ካናቢስ የማይዘራ ቤት የለም፤ ዘር መምረጥ ግን ከእናቷ የወረሰችው የእሷ ሥራ ነው። የመረጠቻትን እናት ተክል ለማንም አታሳይም። ለምልክት ክር አታስርባትም፣ ድንጋይ አታኖርባትም። ዓይን የገባባት እናት ፍሬዋ ባዶ ይሆናል ይባላል።

በዚያ ዓመት የአገሩ ዘር የቀረው እሷ ዘንድ ብቻ ነበር። ሌሎቹ ቤቶች ከውጭ የመጣውን የባዕድ ዘር ሞክረው፣ በድርቁ ከስረው፣ እንደገና የእሷን ደጅ እየጠበቁ ነበር። ዘር ሲያረጅ አይበቅልምና በከረጢቷ የነበረውን ሁሉ ዘራችው። ያ አዝመራ ከተበላሸ የሚተካው የለም።

ከማሳዋ በላይ፣ ነፋሱ በሚወርድበት በኩል፣ የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም አላል ከቴትዋን የመጣ ነጋዴ የሰጠውን የባዕድ ችግኝ ተክሏል። የምንጩን ውሃ በጎማ ጠልፎ ያጠጣዋል። ወንዴ ተክል የለበትም፣ ስለዚህ የወንዴ ብናኝ ወርዶ ያንቺን ዘር አያዳቅልም ብሎ ማለላት።

«የባልቴት ቤት በይው፣ ለላ ሐዱም። ወንድ ደጁን አይረግጥም» አለ፤ ለላ የምንለው እመቤቴ ለማለት ነው።

«የተጠማች ባልቴት ምን እንደምታደርግ አታውቅም» አለችው።

እሱ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

በጋው ሲበረታ ምንጩ ደረቀ፤ ጎማው አየር ብቻ ይተፋ ጀመር። የላይ መንደር ሴቶች፣ የባዕዱ ሴቴ ውሃ ሲጠማት ከራሷ ላይ የወንድ አበባ ታወጣለች ሲሉ ሐዱም ሰምታ ነበር። አንድ ጠዋት የጠፋች ፍየል የምትፈልግ መስላ ወደ አላል ማሳ ወጣች። መሃል ባለው መደዳ፣ በሴቴዎቹ አበባ መካከል፣ ቢጫ የወንድ አበባ ብቅ ብቅ ብሏል። አንዳንዱ ፈንድቷል። ስትነካው ጥፍሯ ላይ ብናኝ ቀረ። ነፋሱ ከኋላዋ ነበር፤ ወደ ማሳዋ ይወርዳል።

ማጭዷ ወገቧ ላይ ነበር። አላወጣችውም። ልጇ ሸዓይብ፣ ማን እንደጻፈው በማይታወቅ የኪፍ ጥቆማ በገጠር ፖሊሶቹ በጃንደርሞች ይፈለጋል፤ ገበያ ከወረደ ዓመታት አልፈዋል። የት እንደሚያድር አላል ያውቃል። አላል ክፉ ሰው አይደለም። ነገር ግን በአገራችን ሰው ለማሳሰር ክፉ መሆን አያስፈልግም፤ አንድ ቀን መናደድ ይበቃል።

ወደ ማሳዋ ተመልሳ፣ በእናቷ ዘመን ያልተደረገውን አደረገች። ከመረጠችው ወንዴ ላይ ብናኙን በእናቲቱ ተክል ላይ አራገፈችና በወገቧ የምታገለድመውን መንዲል የሚባል ቀይና ነጭ ሽርጥ ፈትታ ሌላ ብናኝ እንዳይገባባት ከላይ እስከ ታች ጠቀለለቻት። በመንገዱ ያለፈ ሁሉ ያየዋል። ነፋሱ ቀድሟት እንደሆነ ግን ማወቂያ አልነበራትም።

ሲመሽ አላል መጣ።

«ለላ፣ ልብስ የምታሰጪበት አጥተሽ ነው?»

«መሃለኛውን መደዳ አላየህም?»

ፊቱ ተለወጠ። ቁጢጥ አለና አፈር በጣቱ መጫር ጀመረ።

«አይቻለሁ። ለማን ነገርሽ?»

ለማንም አልነገረችም። ያን ጊዜ እሱም እንደፈራ ገባት፤ ነጋዴው የተስማማው ፍሬ ያልያዘ አበባ ሊወስድ ነው።

«ቁረጣቸው» አለችው።

«ቆርጬስ ነጋዴውን ምን ልበለው? ልጆቼን በየስማቸው እየጠራ ነው ደህንነታቸውን የጠየቀኝ።»

«እኔም ልጅ አለኝ፣ አላል።»

«አውቃለሁ» አለ።

ቃሉ አዘኔታ ይሁን ዛቻ ከድምፁ መለየት አልቻለችም። የመንዲሉን ቋጠሮ አጠበቀች። በማግስቱ አላል ወደ እሷ የሚያየውን አንድ መደዳ አጭዶ ፍየል በላብኝ ብሎ አስወራ። የቀረውን ተወው። እሷም ከዚያ በላይ አልጠየቀችም።

አዝመራው ሲሰበሰብ መንዲሉን ፈታች። የወጣው እፍኝ የማይሞላ ዘር ነው። እንደ ልማዱ የየቤቱ ሴቶች ድርሻቸውን ሊወስዱ መጥተው ግቢዋ ውስጥ ተቀመጡ። ዘሩን በሰፌድ አሳየቻቸው፤ ደቃቅ፣ ግራጫ፣ ዝንጉርጉር፣ ልክ እንደ ዱሮው። ደስ አላቸው። ሐዱም ግን የዘር ልብስ፣ ቅርፊቱ፣ የእናት መሆኑን ታውቃለች። አባቱ ማን እንደሆነ የሚታየው በቅሎ ሲቆም ነው። ይህን ዛሬ ብታድለው፣ የአላል ነፋስ ገብቶበት ከሆነ፣ ሸለቆው በሙሉ በአንድ ክረምት ይበላሻል።

ዘንድሮ አልሰጥም፣ እኔ ዘርቼ ልየው አለች።

አንዲቱ፣ ለአላል ሚስት እህት የሆነችው፣ ሻዩን ሳትጨርስ ብርጭቆውን አስቀመጠች።

«ከልክለሽን የት ልትኖሪ ነው፣ ለላ?» አለች። በቁጣ አልነበረም፤ ስለ አየሩ የምትጠይቅ ትመስል ነበር።

አንድ በአንድ ተነሥተው ወጡ። ሐዱም በሩ ላይ ቆማ ማን እንደተሰናበታት፣ ማን እንዳልተሰናበታት ተመለከተች። ከዚያ ገብታ የገብስ ዳቦና ብርድ ልብስ ጠቀለለችና ልጇን ሸዓይብን፣ ወሬው አላል ዘንድ ሳይደርስ፣ ከእንግዲህ እሱ በማያውቀው ቦታ እደር ብላ ወደ ዝግባው ጫካ ላከችው።