የአቶ ሀይለመለኮት የአንድ ቀን ዕቅድ

አቶ ሀይለመለኮት ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲያቅዱ ኖረው፣ አንዱም ሳይፈጸምላቸው ጡረታ የወጡ የደብረ ማርቆስ ሰው ናቸው። ይህን የምለው ለማማት አይደለም፤ እሳቸውም አይክዱትም። የጉድጓድ ውኃ አቅደዋል፣ የገጠር መንገድ አቅደዋል። አንድ ጊዜም ዐሥራ ሁለት የሕዝብ መጸዳጃ ቤት አቅደው፣ ንድፉ ከማማሩ የተነሳ በመስታወት ተደርጎ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ንድፉን ያላየ እንግዳ የለም፤ መጸዳጃ ቤቱን ያየ ግን የለም። ዕቅዱ ሲጸድቅ በጀቱ ይጠፋል፤ በጀቱ ሲገኝ ኃላፊው ይዛወራል፤ አዲሱ ኃላፊ ሲመጣ ደግሞ «እስቲ እንደገና ይከለስ» ይላል። እሳቸውም ይከልሳሉ።

በመሸኛቸው ዕለት አንድ ባልደረባቸው ብርጭቆውን አንስቶ፣ «በዕቅድ ገብተው በዕቅድ ለወጡት ለጋሽ ሀይለመለኮት!» ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸውም አብረው ሳቁ። ከዚያ በኋላ ግን ሦስት ቀን ከቤት አልወጡም። አፍረው ነበር። ስድሳ ዓመታቸውን ወደ ኋላ እየቆጠሩ፣ አስበው ጀምረው የጨረሱት አንድ ነገር ፈልገው አጡ። ጋብቻቸውን እንኳ አስበውት ነበር፤ እሱ ግን የሚስታቸው የወይዘሮ ካሰች ሥራ እንጂ የእሳቸው አልነበረም።

ጀልባዋ የተገኘችው በዚህ ሰሞን ነው። የግቢያቸውን ሰርቪስ ቤት ተከራይቶ ሁለት ክረምት የወንዝ ውኃ ሲለካ የከረመ አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ሻንጣው አልዘጋ ስላለው ትቶላቸው ሄደ። ተጠቅልላ ከጋቢ የማትበልጥ፣ ስትነፋ ግን አንድ ሰው እግሩን ዘርግቶ የሚቀመጥባት ቀይ የጎማ ጀልባ ናት። መቅዘፊያ አላት፤ ሲለብሱት ሰው እንዳይሰጥም የሚያደርግ ብርቱካናማ ሰደርያም አላት። ወይዘሮ ካሰች ለእንግዳ ፍራሽ ትሆናለች ብለው አሰቡ። አቶ ሀይለመለኮት ግን ከሥሯ አንዲት ቀጭን የመመሪያ መጽሐፍ አገኙ። ርእሷ በእንግሊዝኛ ነው፤ ሰው ባልደረሰበት ወንዝ ላይ የአንድ ቀን ጉዞ እንዴት እንደሚታቀድ ታስረዳለች። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር «መልካም ጉዞ ከመልካም ዕቅድ ይወለዳል» ይላል። አቶ ሀይለመለኮት ይህን ሲያነቡ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

አንድ ቀን! የአምስት ዓመት አይደለም፣ የዓመት አይደለም፣ በጀት አይለቀቅለት፣ ኃላፊ አይዛወርበት። ጠዋት ጀምሮ ማታ የሚያልቅ ዕቅድ። ይህች አንዲት ከተፈጸመች፣ ያ ብርጭቆ ያነሳ ሰውዬ ምን እንደሚል ያዩታል።

ሁለት ወር ተኩል ፈጀባቸው። ዕቅዱ ሃያ ሁለት ገጽ ሆነ። መነሻው የጨሞጋ ወንዝ ከላይ፣ ባጃጅ እስከሚገባበት መልካ፤ መድረሻው የአስፋልቱ ድልድይ፤ ርቀቱ ዐሥራ አራት ኪሎ ሜትር ከሦስት መቶ ሜትር፤ የመድረሻ ሰዓት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። የስጋት ትንተና የሚል ምዕራፍም አለው። ድንጋይ አለ፤ ዶፍ አለ፤ አዞ ሳይቀር አለ። ከአዞው ትይዩ «የመከሰት ዕድሉ፦ የለም፤ ከተከሰተ ጉዳቱ፦ ሙሉ» ተብሎ ተጽፏል።

የጨነቃቸው የቀኑ ጉዳይ ነበር። መመሪያዋ ደጋግማ «ሰው የሌለበት ወንዝ» ትላለች፤ እሳቸውም ሰው እንዳይስቅባቸው ይፈልጋሉ። ጎጃም ውስጥ ሰው የሌለበት ወንዝ ከየት ይመጣል? ቁጥቋጦውን ገለጥ ብታደርገው አንድ ሰው «ደኅና ዋልህ» ይልሃል። አቶ ሀይለመለኮት ግን የዕቅድ ሰው ናቸውና መላ አላጡም። በሥራ ቀን አጫጁም፣ ልብስ አጣቢዋም፣ ከብት አጠጪውም ወንዝ ዳር ነው። በበዓል ቀን ግን ገበሬው እጁን ከሥራ ይሰበስባል። ስለዚህ ወንዙ ባዶ የሚሆነው በበዓል ነው ብለው ኅዳር አምስትን፣ የአቦን ዕለት መረጡ። እጁን የሰበሰበ ገበሬ የት እንደሚቀመጥ ግን አልጠየቁም፤ ለዚያ የተዘጋጀ ሠንጠረዥ አልነበረም።

ዕቅዱ ያለ አጽዳቂ ዕቅድ አይባልምና ለወይዘሮ ካሰች አቀረቡላቸው። ወይዘሮ ካሰች መነጽራቸውን አድርገው ሃያ ሁለቱንም ገጽ አነበቡ።

«ሀይሌ፣ ዋና ትችላለህ?»

«ገጽ ዐሥራ አንድን ተመልከቺ።»

«ገጽ ዐሥራ አንድ ዋና ይችላል?»

«ሰደርያው አለ አልኩሽ እኮ! አያሰጥምም።»

«ውኃ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ» አሉ ወይዘሮ ካሰች። ከዚያ የባላቸውን ፊት አዩት። ከመሸኛው ቀን ወዲህ እንዲህ በርቶ አላዩትም ነበር። ብዕር አንስተው ፈረሙ። ፈርመው ሲያበቁም ወደ ጓዳ ገብተው ለአቦ ተሳሉ።

በዕለቱ ጠዋት ጎረቤታቸው የሺዋስ በባጃጁ አደረሳቸው። የሺዋስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ድልድዩ ጋ ሊጠብቃቸው ተስማምቷል፤ ለምን እስከ ድልድዩ በባጃጅ እንደማይሄዱ ግን እስከ መጨረሻው አልገባውም። ጀልባዋን ሲነፉ አየ፣ ሰደርያውን ሲለብሱ አየ፣ «እንግዲህ እሱ ይሁንዎት ጋሼ» ብሎ ሄደ።

እውነቱን ለመናገር፣ የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ከዕቅዱ በላይ ነበር። ክረምቱ ከወጣ ቆይቶ ውኃው ጠርቷል፤ ግን አልደከመም። ዳርና ዳሩ ላይ ጤፉ ቢጫ ሆኖ ተኝቷል። ጀልባዋ እንደ ገራም በቅሎ ሰገር ትላለች። አቶ ሀይለመለኮት ሁለት ጊዜ ድንጋይ ገጠማቸው፣ ሁለቱንም ጊዜ መቅዘፊያውን አስደግፈው አለፉ። ደስ አላቸው። ማንም የለም! ሰዓታቸውን አዩ፤ ከተባለው አራት ደቂቃ ቀድመዋል። ብቻቸውን ጮክ ብለው ሳቁ። በሕይወታቸው ከዕቅድ ሲቀድሙ የመጀመሪያቸው ነበር።

ወንዙ ሲታጠፍ ግን ከላይ ካለው ጉብታ ላይ የአቦ ማኅበር ተቀምጧል። የተረኛው ቤት ጠብቦ፣ ሠላሳ የሚሆን ሰው ነጭ ለብሶ በሾላው ጥላ ሥር ፊቱን ወደ ወንዙ አድርጎ ጠላውን ይጠጣል። ሥራ የለ፣ ችኮላ የለ፤ ወንዙን ከማየት በቀር ሌላ ጉዳይ የለውም።

መጀመሪያ ያየችው የብርጓል የምትባል ሴት ናት። «ኧረ የሰው ያለህ! ሰው ወሰደው ውኃው!» ስትል ማኅበሩ በአንድ እግሩ ቆመ። ኡኡታው ከጉብታ ጉብታ ተቀባበለ። አቶ ሀይለመለኮት ደንግጠው «ተዉኝ! ደኅና ነኝ!» እያሉ እጃቸውን አወዛወዙ። ከሩቅ ሲታይ ግን ደኅና ነኝ የሚል እጅና ድረሱልኝ የሚል እጅ አይለይም። መጫኛ የያዘ በመጫኛው፣ ዱላ የያዘ በዱላው፣ ምንም ያልያዘው ወጣትም ሽማግሌም በባዶ እጁ ቁልቁል ወረደ።

ከሁሉም የቀደመው የየብርጓል ባል ትዕዛዙ ነው። አዲስ ጋቢውን እንደለበሰ ሳያመነታ ዘሎ ገባ። ውኃው ጉልበቱ ደረሰ፣ ወገቡ ደረሰ፤ ከዚያ ትዕዛዙ ጠፋ። ጋቢው ብቻ ላዩ ላይ ተንሳፈፈ።

አቶ ሀይለመለኮት እዚያ ላይ ዕቅዱን ረሱት። መቅዘፊያውን ወደማያውቁት አቅጣጫ ገፉት፣ እንደ ምንም ደረሱ፣ ጎንበስ ብለው የሰውየውን ማተቡንም ኮሌታውንም አንድ ላይ ጨምድደው ያዙ። ጀልባዋ ተገለበጠች። ሰደርያው ሁለቱንም አንሳፈፈ። መጫኛው ከዳር ተወረወረ፤ እሳቸው በአንድ እጃቸው ያዙት፤ ሠላሳ ሰው «በለው! ሳበው!» እያለ ጎትቶ እንደ ግንድ አወጣቸው። ጀልባዋ ግን ባዶዋን ወደ ድልድዩ ጉዞዋን ቀጠለች፤ ሰዓቷን ጠብቃ የምትደርሰው እሷ ነበረች።

ዳር ላይ እልልታው ቀለጠ። አንዱ ጋቢ ያለብሳቸዋል፣ አንዱ እግራቸውን ያሻል፣ አንዷ ትኩስ ነገር ታመጣለች። ማንም ማን ማንን እንዳወጣ አልመረመረም፤ ሰው ሁሉ በዓይኑ ያየው ትዕዛዙ ሲዘል ነው። ትዕዛዙ ከጎናቸው ተቀምጦ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። የብርጓል ደረቷን እየደቃች ታለቅሳለች፣ በዚያው አፏ ደግሞ ትስቃለች። ጋቢው ሄዷል።

ቄስ ገብረ ኪዳን፣ የማኅበሩ ታላቅ ሽማግሌ፣ በመቋሚያቸው ተደግፈው ቀረቡ።

«ምን ሁነው ነው አባቴ እንዲህ የወደቁ? በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ሆነ'ኮ ነገሩ።»

አቶ ሀይለመለኮት አፋቸውን ከፈቱ። አልወደቅኩም ሊሉ ነው። አስቤበት፣ ሁለት ወር ተኩል ደክሜበት፣ ወድጄ ነው የገባሁት፤ ደኅናም ነበርኩ፤ እናንተ ናችሁ ያቋረጣችሁኝ። እውነቱ ይህ ነው፤ ስድሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ ብሎ ለመናገር የተጠማ ሰው ደግሞ እሳቸው ናቸው። ግን ዓይናቸው ትዕዛዙ ላይ አረፈ።

«አንተ ልጅ፣ ዋና ትችላለህ?» አሉት።

«አልችልም ጋሼ።»

«ታዲያ ምን ብለህ ገባህ? ምን አስበህ?»

ትዕዛዙ ጥያቄው ግራ ገባው። «ሰው እየሄደ ምን ይታሰባል?» አለ።

የብርጓል የባሏን ፀጉር በነጠላዋ ታደርቃለች። አቶ ሀይለመለኮት በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ያቀዱት ጉድጓድ፣ መንገድና መጸዳጃ ቤት ሁሉ ባንዴ ትዝ አላቸው። ይህ ሰው ሊሞት የደረሰው ለእሳቸው መዝናኛ ነው ቢባል፣ የሚስቅባቸው አይኖርም ነበር፤ የሚያዝንባቸው ግን ሁሉም ነው። ሊቋቋሙት አልቻሉም።

«ተንሸራትቼ ነው» አሉ።

«አይዞዎት፣ አይዞዎት!» አለ ማኅበሩ ሁሉ። ወደ ሾላው ሥር አወጧቸው፣ ከሁሉም በላይ አስቀመጧቸው፣ በትልቁ ዋንጫ ጠላ ተቀዳላቸው። ለሚቀጥለው አቦ እንዳይቀሩ፣ ከእንግዲህም ማኅበርተኛ እንደሆኑ ተነገራቸው። ቄስ ገብረ ኪዳን ጸሎት አድርሰው፣ ወደ ወንዙ በመቋሚያቸው እያመለከቱ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ወይ ቸርነቱ! ለመሆኑ እኛ ባንደርስ ኖሮ አሁን የት ደርሰው ነበር?»

አቶ ሀይለመለኮት የት እንደሚደርሱ ያውቁታል፤ በኪሎ ሜትርም፣ በሰዓትና በደቂቃም ያውቁታል። ትዕዛዙን አዩት፤ አሁንም እየተንቀጠቀጠ መልሱን በጉጉት ይጠብቃል።

«እግዜር ይወቀው አባቴ» አሉ፤ ዋንጫውንም ለእሱ አቀበሉት።