ለቅሶ ያልገባበት ክፍል

ባለቤቴ በሞተ ሰሞን፣ ጅቡቲ፣ ካርቲየ 2 ሰፈር ውስጥ ከግቢያችን ጀርባ ባለች ክፍል አንዲት አራስ ተኝታ ነበር። እዚያ ያስተኛናት እኛው ነን፣ የማርያም ማኅበራችን ሴቶች። ስለ እሱ ሞት ልጽፍ ወረቀት ባወጣሁ ቁጥር የእሷ ነገር እየቀደመ ስለሚመጣብኝ፣ ከእሷ ልጀምር።

ልጅቷ ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚሉት የሀብታም ሰፈር ሰው ቤት ተቀምጣ የምትሠራ ነበረች። ሆዷ ገፍቶ መታየት ሲጀምር አሠሪዋ ልብሷን በፌስታል አድርጋ ከበር ሸኘቻት። የልጁ አባት ማን እንደሆነ አልተናገረችም፤ እኛም ደግመን አልጠየቅናትም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጥላ ሥር ተቀምጣ ያዩዋት የማኅበራችን ታላቅ ናቸው፤ ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። እጇን ይዘው ወደኛ አመጧትና፣ "ይቺ ልጅ የምትወልድበት ቤት የላትም" አሉን።

አራስ ብቻዋን አትተውም። ይህን እዚህ ጅቡቲ ተወልደን አገራችንን በወሬ የምናውቀውም ጭምር ከእናቶቻችን ተቀብለነዋል። ክፍሉን ተከራየን፤ ተራም አወጣን። ገንፎ የምታገነፋ፣ አጥሚት የምታፈላ፣ የሕፃኑን ጨርቅ የምታጥብ፣ አብራት የምታድር። ተራውን የማከፋፍለው እኔ ስለነበርኩ ቤቴ ከጠዋት እስከ ማታ ሴት አይጠፋበትም ነበር።

"ወደቡ እንኳ እንዲህ አልተደራጀም" ይለኝ ነበር ባለቤቴ። በወደቡ ኤሌክትሪሺያን ነበር። አባቱ ባቡሩ ያመጣቸው ናቸው፤ እሱ ግን ባቡርም መርከብም አይወድም፤ የሚወደው የተበላሸ ነገር ነው። የልጅቷን አልጋ ከጓደኛው ቤት በትከሻው ተሸክሞ ያመጣው እሱ ነው። ክፍሉ ጣውላና ቆርቆሮ ነው፤ ሙቀቱ የሚከርበት ወቅትም ተቃርቦ ነበር። ስለዚህ አሮጌ ቬንትሌተር ፈታቶ፣ ጠግኖ፣ ሊሰቅልላት መጣ። እማማ በር ላይ ቆመው አላስገባም አሉት።

"አራስ ላይ ንፋስ ልትለቅባት ነው?"

"እማማ፣ እዚህ አገር ያለው ንፋስ ራሱ ከምድጃ የወጣ ነው። ምን ብርድ አለው?"

"ብርድ ብርድ ነው። ወገቧ ውስጥ ይገባል፤ ዕድሜ ልኳን አይወጣም።"

ባለቤቴ ከሽማግሌ ጋር አይከራከርም። ትንሽ አሰበና ቬንትሌተሩን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ሰቀለው። ንፋሱ ግድግዳውን መትቶ፣ ጉልበቱ አልቆ፣ ለስለስ ብሎ ወደ አልጋው ይመለሳል። "ይኸው እማማ፣ እሷን አላያትም። ያየው ግድግዳውን ነው" አላቸው። እማማ ሳይወዱ ሳቁ።

ሴት ልጅ ወለደች። ከሐኪም ቤት ስትመለስ ግቢው ሙሉ እልል አልን። ባለቤቴ መጋረጃው ውጭ ቆሞ፣ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" አላት።

"ጋሼ፣ ቬንትሌተሩ እንደ እርስዎ ነው" አለች ከውስጥ። "ያጉረመርማል፣ ግን ይሠራል።"

በዚያ ሁሉ ጊዜ ስትቀልድ የሰማናት ያኔ ብቻ ነው። እሱም ቀኑን ሙሉ ለሰው ሁሉ ሲያወራው ዋለ።

ያ ሳምንት ሳያልቅ ሞተ። ከምሳ በኋላ እንደ ልማዱ ጋደም አለ፤ ወደ ሥራ የሚመለስበት ሰዓት ሲደርስ ልቀሰቅሰው ገባሁ። ስለዚያ ከዚህ በላይ መጻፍ አልቻልኩም።

ከቀብር በኋላ እኔ ፍራሽ ላይ ተቀመጥኩ። ድንኳኑ መንገዱን ዘግቶ ተተከለ፤ ወንዶቹ እዚያ፣ ሴቶቹ እኔ ዘንድ። እኛ እዚህ ጥቂት ነን። ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ወዲያው ይታወቃል፤ ለዓመታትም ይነሣበታል። ስለዚህ ሁሉም መጡ። አንዷ ታበስላለች፣ አንዷ ታጥባለች፣ ሁለት ሦስቱ አብረውኝ ያድራሉ። እጃቸውን አያለሁ፣ ድምፃቸውን እሰማለሁ፤ እነዚህ ሴቶች አሁን ሌላ ቦታ መሆን ነበረባቸው የሚል ሐሳብ ግን ወደ ጭንቅላቴ አልመጣም። ጭንቅላቴ ባዶ ነበር።

በእኛ ሴቶች ዘንድ ለቅሶ ቤት የዋለች ከዚያ ተነሥታ አራስ ላይ አትገባም። ሐዘን ይዛባት ትገባለች፤ ወተቷን ያደርቃል፣ ሕፃኗን ያስበረግጋል ይባላል። ለአራስም መርዶ አይነገርም። እማማ እነዚህን ሁለቱን አጥብቀው ነገሯቸው። እያንዳንዷም ለቅሶ ያልመጣች፣ ልጅቷ ዘንድ የምትገባ ሌላ ሴት ትኖራለች ብላ አሰበች። ያልመጣች አልነበረችም። ገንፎውን ሠርተው ደጃፏ ላይ ያስቀምጡና በሩን ቆርቁረው፣ ሳያዩዋት ይመለሱ ነበር። የእኔን ጩኸት ከአጥሩ ወዲያ ሰምታ ስትጠይቅ በበሩ በኩል፣ "ከማዶ አንድ ሽማግሌ አርፈው ነው" ብለው መለሱላት።

ይህን ሁሉ የሰማሁት ከጎረቤታችን ነው። ሶማሌ ናት፣ ድሬዳዋ ያደገች፤ ማዕከላዊ ገበያ ዳር ሳምቡሳ ትጠብሳለች። የድሬ ሰው አንቱታ አያውቅም። አንድ ከሰዓት በኋላ ሥራዋን ጨርሳ ገባችና ከሴቶቹ መሐል አልፋ ፊት ለፊቴ ቁጢጥ አለች።

"ወላል፣ ይቺ ያመጣችኋት ልጅ ልትሞት ነው" አለችኝ። ወላል እህቴ ማለቷ ነው።

"ተይ፣ ሐዘንተኛ ናት" አለች አንዷ።

"እኔ ምን አልኩ? ያቺም ሐዘንተኛ ናት። ጡቷ ድንጋይ ሆኗል። ሰውነቷ መጥበሻ ነው። ገንፏችሁን ጉንዳን ይበላዋል፤ እሷ ተነሥታ በር መክፈት አትችልም። እኔ ጠዋትና ማታ ገብቼ ውሃ አጠጣታለሁ፤ ገበያ ትቼ ልዋል? እናንተ እዚህ ሃያ ሆናችሁ ሽንኩርት ትከትፋላችሁ።"

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ቬንትሌተሩም ቆሟል። ጋሼን ጥሪልኝ፣ መጥቶ ይየው ትለኛለች። ምን ልበላት? ስትቀሩ የናቃችኋት መስሏታል። አባት የሌለው ልጅ ስለወለድኩ ነው፣ እውነታቸውን ነው አለችኝ።"

ፍራሹ ላይ ተቀምጬ እማማን አየኋቸው። እሳቸው መሬት መሬት ያያሉ።

"ከእናንተ ግማሻችሁ ሂዱ" አልኩ።

"ለቅሶ ውለን እንዴት ብለን?" አለች ከመሐል አንዷ። "ሕፃኗ አንድ ነገር ብትሆን ማን ይጠየቃል?"

"ደግሞ አንቺን ጥለን ብንሄድ ሰው ምን ይለናል?" አለች ሌላዋ።

ተነሣሁ። ጓዳ ገባሁና ታጠብኩ። ጥቁሩን አውልቄ ሰማያዊ ቀሚሴን ለበስኩ፤ ልብሱ ከእሱ ሸሚዝ ጋር አንድ ማንጠልጠያ ላይ ነበር። ስወጣ እማማ በሩ ላይ ቀድመው ቆሙ፤ ባለቤቴን እንደከለከሉት አድርገው።

"ልጄ፣ አንቺ ከሁሉም የባስሽ ነሽ። ሬሳ ያቀፍሽ ነሽ።"

"አውቃለሁ፣ እማማ። እኔ ከገባሁ ግን ለመቅረት ምክንያት ያላት አትኖርም።"

እማማ ከበሩ ዘወር አሉ።

ክፍሉ ታፍኖ ነበር። መስኮቱን ብርድ እንዳይገባ በጨርቅ ጠቅጥቀውታል፤ ቬንትሌተሩ ግድግዳው ላይ ቆሟል። ልጅቷ በጎኗ ተኝታለች፤ ሕፃኗ ጡት ፈልጋ፣ አልቅሳ፣ ደክማ እንቅልፍና ማልቀስ መሐል ናት። እኔን ስታይ ለመነሣት ሞከረች።

"እትዬ፣ ዓይንዎ ምን ሆነ?"

"የኻምሲኑ ንፋስ ነው። አሸዋ ገባበት።"

"ጋሼስ?"

በሩ ላይ እማማ ቆመው ይሰማሉ። ከኋላቸው ሌሎቹ አሉ፤ ተከትለውኝ መጥተዋል።

"ሥራ በዝቶበታል" አልኳት። "መርከብ በመርከብ ላይ ሆኗል።"

"ቬንትሌተሩ…"

"ነግሬዋለሁ።"

ያን ዕለት ሐኪም ቤት ወሰድናት። ግራ ጡቷ ውስጥ መግል ቋጥሮ ነበር፤ ቀደው አወጡላት። ሐኪሙ በፈረንሳይኛ፣ ለምን እስከዛሬ ቆያችሁ አለን። ለቅሶ ነበረብን ልለው ፈለግሁ፤ ብለው ይገባው ነበር፣ እሱም የዚህ አገር ሰው ነው። እሷ ግን አጠገቤ ነበረችና ዝም አልኩ። ትኩሳቱ ተመላለሰባት። አንዳንድ ጠዋት በሩን ስከፍት ደረቷ ሲነሣ እስካይ እኔም አልተነፍስም ነበር። ሕፃኗን በጡጦ ያዝናት፤ ከሳች፣ ግን ተረፈች። እናቷም ቀስ በቀስ ዳነች። ግራ ጡቷ ግን ከዚያ በኋላ ወተት አልሰጠም።

ተራው እንደ ድሮው ተመለሰ። የኔ ቤት ለቅሶ ግን ያን ቀን ተበተነ። ድንኳኑ ተነቀለ፤ ፍራሹ ታጠፈ። የተበተነ ለቅሶ ተመልሶ አይሰበሰብም፤ ማን ጠርቶ ማን ይመጣል? ሴቶቹ ሲያገኙኝ ከጥቁሬ ወደ ሰማያዊው፣ ከሰማያዊው ወደ ጥቁሬ ስቀያይር ያዩኛል፤ ምን እንደሚሉኝ ይጠፋቸዋል። ማዕከላዊ ገበያ ቲማቲም ስመርጥ ከጀርባዬ አንዲት ሴት ለሌላዋ፣ "ቶሎ ወጣላት" ስትል ሰምቻለሁ። ዘወር አላልኩም። ቲማቲሙን መርጬ ጨረስኩ።

ቬንትሌተሩን የባለቤቴ የሥራ ጓደኛ መጥቶ ሠራው። "ጋሼ ልኮት ነው" አልናት። ሰውየው መሰላሉ ላይ ሆኖ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ ቆየ፤ ሥራው ያን ያህል የሚያስቆይ አልነበረም። ሲወርድ፣ "ለምንድን ነው እንዲህ ዞሮ የተሰቀለው?" አለኝ በጆሮዬ። "እንደዚያው ተወው" አልኩት።

በአርባው ጠዋት ቤተ ክርስቲያን በጥቁር ቆሜ ፍታቱን ሰማሁ። እኩለ ቀን ላይ ቀሚሴን ቀይሬ ሕፃኗን አጠብኩ።

"ጋሼ ዛሬም ሥራ ናቸው?" አለችኝ እናቷ።

"ዛሬም። ትናንት ማታ፣ ሕፃኗ መሳቅ ጀመረች ወይ ብሎ ጠየቀኝ።"

እንዲህ ማለት ማን አስተማረኝ? መጀመሪያ የምዋሸው እሷ እንዳትደነግጥ ነበር። እያደር ግን ሳልጠየቅም አወራ ጀመር። ጫማው እንደጠበበው፣ ማንጎው አልበሰለም ብሎ እንዳኮረፈ፣ ሲተኛ እንደሚያንኮራፋ። የምናገረው ሁሉ በፊት የነበረ ነው፤ የፈጠርኩት ቀኑን ብቻ ነው። ከዚያች ክፍል ስወጣ ባሌ የሞተብኝ ሴት ነኝ። እዚያ ውስጥ ግን ሥራ በዝቶበት ነበር።

እማማ ይህን አይተዋል። አንድ ቀን ጨርቅ ስናሰጣ፣ "እስከ መቼ ነው?" አሉኝ።

"ክርስትናው እስኪያልፍ።"

"ለእሷ ነው ለአንቺ?"

የያዝኩትን ጨርቅ ገመዱ ላይ ዘረጋሁት።

በሰማንያ ቀኗ ሕፃኗ ክርስትና ተነሣች። እማማ የክርስትና እናት ሆኑ። ማናችንም ጥቁር አልለበስንም። ልጅቷ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ በወንዶቹ በኩል ዓይኗን ስታንከራትት አየኋት። አልጠየቀችኝም። በአንድ ጡት የምታጠባት ሕፃን ይዛ ተቀጥራ መሥራት እንደማትችል ታውቅ ስለነበር፣ አገር ቤት ወዳለችው እናቷ በባቡር ልትመለስ ቆርጣለች። ሐኪም ቤት ስንመላለስ፣ "ሲያዩኝ ምን ይሉኛል?" ስትለኝ ነበር፤ አሁን ያንንም ትታዋለች።

በማግሥቱ ጠዋት ጥቁሬን ለብሼ ገባሁ።

ልብሷን ሻንጣ ውስጥ እየከተተች ነበር። ቀና ብላ አየችኝ። መጀመሪያ ልብሱን፣ ኋላ ፊቴን።

"ማን ነው?"

"ጋሼሽ ነው።"

"መቼ?"

"ቬንትሌተሩ የቆመ ሰሞን።"

ወደ ግድግዳው ተመለከተች። ቬንትሌተሩ እያጉረመረመ ይሽከረከራል።

"ታዲያ ማን ሠራው?"

"የሥራ ጓደኛው።"

ሕፃኗን ከጭኗ አንሥታ አልጋው ላይ አስተኛቻት፤ እንዳትወድቅም በትራስ አገደቻት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠችና ጮኸች። አልጋዬን በትከሻው ያመጣ አለች። ንፋሱን ያለዘበልኝ አለች። በዚያ ክፍል ማንም አልቅሶ አያውቅም ነበር፤ የቆርቆሮው ጣሪያ ድምፁን መልሶ ያወርደዋል። እኔም አጠገቧ ወረድኩ። ከቀብሩ ወዲህ እንባዬ በልኩ ወርዶልኝ አያውቅም ነበር፤ ያን ጠዋት ወረደ። እሷ ትላንት የሞተ ሰው ነው የምታለቅሰው፤ እኔም ከእሷ ጋር ትላንት የሞተ አደረግኩት።

ጎረቤታችን ጩኸቱን ሰምታ እጇ ዱቄት እንደሆነ ሮጣ መጣች።

"ምን ሆናችሁ? ደግሞ ማን ሞተ?"

"ባሌ" አልኳት።

በለቅሶው ሰሞን ፊት ለፊቴ ቁጢጥ ያለች ሴት ናት። እኔን አየች፤ መሬት ላይ ያለችውን ልጅ አየች፤ አልጋው ላይ ያለችውን ሕፃን አየች። ከዚያ ነጠላ ጫማዋን በሩ ላይ አወለቀችና ገብታ መሐላችን ተቀመጠች።