በበርበሬ ላይ የተሰመረው

በርበሬ በረንዳ ገበያ ውስጥ ማንንም ስለ ሳሉ የሚጠይቅ የለም። ወፍጮው ሲነሳ ገዢም ሻጭም ይስላል። ታላቅ ወንድሜም ብዙ ጊዜ እንደዚያው ሲስል ቆየ። በኋላ የቲቢ መድኃኒት ተጀመረለት። ወራት ዋጠ፣ አልተሻለውም። ጤና ጣቢያው አክታውን እንደገና ለምርመራ ላከው።

የመጨረሻው ደህና ቀን ውጤቱን ሰምቶ የተመለሰበት ነው። ብቻውን ነበር የሄደው፤ እኔ የበርበሬ ሱቃችንን ጠበቅሁ። እንደገባ ትሪው ላይ ያለውን የተፈጨ በርበሬ በመዳፉ ደለደለና በጣቱ ያሰምር ጀመር።

"የላብራቶሪዋ ልጅ እንዲህ መስመር መስመር ያለበት ነገር አሳየችኝ" አለ። "በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ቲቢ ነው የሚመስለው፣ ቀይ ቀጭን ዘንግ። ስለዚህ ዲኤንኤው ላይ ምልክት ይፈልጋሉ። ቲቢ ከሆነ እዚህ ጋ መስመር ይወጣል።" ጣቱን ባዶው ቦታ ላይ አቆመ። "የኔ የለውም። የቲቢ ዘመድ ነው እንጂ ቲቢ አይደለም።"

"መድኃኒቱስ ታዲያ?"

"ለወንድሙ የታዘዘውን ነዋ ስውጥ የከረምኩት!"

ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ዞረ። እኔም ሳልኩ። በር ላይ ዛላ የሚመርጡ አንዲት ደንበኛችን ቀና ሳይሉ፣ "የትኛችሁ ነው አሁን የሳለው? በሳል ቀርቶ በመልክም አልለያችሁ" አሉ።

"ቆንጆው እኔ ነኝ፣ እትዬ" አለ ወንድሜ።

"ኧረ እባክህ!"

ከዚያ ክዳን ያላት ትንሽ ኩባያ ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። አንድ ክፍል ስለምንተኛ እኔም መመርመር ነበረብኝ። "ነገ ልክ እንደነቃህ፣ ምንም ሳትቀምስ" አለኝ። እሱም አዲሱን መድኃኒት ነገ ሊጀምር ነበር።

ሲመሽ፣ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍላችን፣ ሲስል ደም መጣ። ብዙ ደም። መኪና እስኪገኝ አልቆየልኝም። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ጎረቤት ሞላ። ሊነጋጋ ሲል ሳል ያዘኝ። ለቅሶው ድንገት ቆመ። ሁሉም ዞር አሉ፤ ግን ወደ እኔ አልነበረም፣ ወደ አስከሬኑ ነው። እኔም አብሬያቸው ዞርኩ።

ጠዋት የእድሩ ሰዎች ድንኳን ሲተክሉ ሱቁን ከፈትኩ። መስመሮቹ ትሪው ላይ እንዳሉ ናቸው፣ ባዶው ቦታም። ወፍጮው ገና አልተነሳም፤ የሚያስል ብናኝ አልነበረም። ደጅ ወጣሁና ሳልኩ። ኩባያዋ ውስጥ ተፋሁ፣ ከደንኩ፣ ወደ ጤና ጣቢያው ሄድኩ።

የላብራቶሪዋ ልጅ በመስኮቱ አይታኝ ፈገግ አለች።

"መጣህ? የአንተ መድኃኒት እኮ በወዲያኛው መስኮት ነው።"

ኩባያዋን አቀበልኳት። ሳትጠይቀኝ የሱን ስም መጻፍ ጀመረች።

"የሱ አይደለም" አልኳት። "የኔ ነው።"

እጇ ቆመ። ፊቴን ደግማ አየችው።

"ወንድሙ ነኝ። ቲቢው ይሁን ዘመዱ፣ የትኛው እንደሆነ እዪልኝ።"