በግራ እጅ የተሰጠኝ ሻይ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት ዐቃቤ ሕግ ደወለችልኝ። ለቡ መብራት ኃይል ቆሜ ታክሲ ስጠብቅ በሞተር የመጡ ሁለት ጎረምሶች ስልኬን ነጥቀውኝ ነበር። አሮጌ ስልክ ነው፤ አይተው መልሰው አለማምጣታቸው ይገርመኛል። አንደኛው ተይዞ ኖሮ ለምስክርነት ልትጠራኝ ነው።

«አባባ፣ ማክሰኞ ጠዋት ነው። አብሮዎት የሚመጣ ሰው አለ?»

«ምነው፣ ሚዜ የሚያስፈልገኝ ሙሽራ መሰልኩሽ?»

ሳቀች። «አይ፣ ብቻዎን እንዳይሆኑ ብዬ ነው።»

  ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ «ብቻህን ነህ ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ መልሱን ሁሉም ያውቀዋላ። «አለ፣ ብዙ ሰው አለ» ብዬ ዋሸኋት። ሕግ የተማረ ሰው በሕግ ፊት ከመቅረቡ በፊት ዋሸ ማለት ነው። ስልኩን ዘግቼ ስቀመጥ ወይዘሮ ከድጃ ትዝ አሉኝ።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ዐቃቤ ሕግ ከሆንኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። ከአጎቴ የወረስኩት ኮት ነበረኝ፤ ትከሻው ከእኔ ቀድሞ በር ይገባል። ፋይል በብብቴ ይዤ በኮሪደሩ ስመላለስ አገሪቱን ያቆምኳት እኔ ነበር የሚመስለኝ። አሠራራችን ቀላል ነው፤ ፖሊስ መዝገቡን ያመጣል፣ እኛ ክሱን እንጽፋለን፣ ተበዳዩን ለመጀመሪያ ጊዜ የምናየው ለምስክርነት ሲቆም ነው። ቀድሞ ማነጋገር ምስክር ማስጠናት ይሆናል ይባል ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔም ተመችቶኝ ነበር። ወረቀት አያለቅስም።

የወይዘሮ ከድጃን መዝገብ በቃሌ አውቀው ነበር። ሀና ማርያም ቆጮ ይሸጣሉ። የጎረቤታቸው ልጅ በአጥር ጠብ በዱላ መትቶ የቀኝ እጃቸውን አንጓ ሰብሮታል። የሐኪም ማስረጃው ተያይዟል። ያየ ሌላ ሰው የለም፤ እሳቸው ካልመሰከሩ ጉዳዩ አለቀ።

ቀጠሮው ሰኔ ላይ ዋለ። ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ አላባራም፤ ኮሪደሩ የራሰ ጋቢና የተቆላ ሽንብራ ይሸታል። ያለው አንድ አግዳሚ ነው። ከሳሽም፣ ተከሳሽም፣ የሁለቱም ዘመድ እዚያው ላይ ይጨናነቃል። እኔ የፈለግኩት እጇ በፋሻ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለ፣ ብቻዋን የተቀመጠች ሴት ነበር። ፋሻው ከወለቀ ወራት እንዳለፉት አላሰብኩም። እንዲያ ያለች ሴት የለችም። አግዳሚው ላይ የተከሳሹ ዘመዶች ናቸው፣ ሦስት ሴቶችና አንድ ሽማግሌ፤ መካከላቸው አንዲት እናት እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተው አንገታቸውን ደፍተዋል። ዙሪያቸውን ሁሉም ያባብላቸዋል። የተከሳሹ እናት ናቸው አልኩ በልቤ።

 የእናቶች ምርቃት እወዳለሁ፤ ዛሬም አልተውኩም። ጎንበስ ብዬ፣

«እናቴ፣ አይዞዎት» አልኳቸው። «ከሳሿ አልመጣችም። ልጅዎ ዛሬ ቤቱ ይገባል።»

ቀና ብለው አዩኝ። ኮቴን አዩ፣ ፋይሉን አዩ። አጠገባቸው የነበረችው ሴት ነጠላዋን በአፏ ላይ ሳብ አደረገች። ምስጋና መስሎኝ ነበር፤ ሳቋን እየሸፈነች እንደነበር የገባኝ ኋላ ነው።

«እሺ ጌታዬ» አሉና ተነሥተው ወደ ዝናቡ ወጡ። ሽንት ቤት የሄዱ መሰለኝ።

ችሎት ውስጥ «የግል ተበዳይ ከድጃ!» ተብሎ ሦስቴ ተጠራ። ማንም አቤት አላለም። ዳኛው መዝገቡን ዘጉት፤ ዐቃቤ ሕግ ምስክሯን ሲያገኝ ያንቀሳቅስ አሉ። ስወጣ ስም ጠሪው ሽማግሌ ፖሊስ እጄን ያዘኝ።

«አንተ ልጅ፣ ቅድም ያጽናናሃት ማን መሰለችህ?»

«የተከሳሹ እናት ናቸዋ።»

«የተከሳሹ እናትማ ያቺ የሳቀችው ናት።»

በሦስተኛው ቀን ሀና ማርያም ወረድኩ። መንገዱ ጭቃ ነው፤ አንድ ጫማዬን ሁለት ጊዜ ቆፍሬ አወጣሁ። ያ ኮት በዚያ ጭቃ ላይ ምን እንደሚመስል እግዜር ይወቀው። ወይዘሮ ከድጃ ከደጃፋቸው ተቀምጠዋል። የቆጮ መክተፊያቸው ግድግዳ ተደግፎ አቧራ ጠጥቷል። አላባረሩኝም፤ ቢያባርሩኝ ይሻለኝ ነበር። ጎመን ከቆጮ አቀረቡልኝ፣ ሻይ ቀዱ። ብርጭቆውን የዘረጉልኝ በግራ እጃቸው ነው።

«በግራዬ ነው፣ ይቅር በለኝ» አሉኝ። «ቀኙ ብርጭቆ አይጨብጥልኝም።»

ይቅርታ የጠየቁት እሳቸው ናቸው። በሁለት እጄ ተቀበልኩ። 

«መዝገቡ እንደገና ይከፈታል፣ እናቴ» አልኩ። «ቀን ላስቀጥር። ራሴ መጥቼ እወስድዎታለሁ።»

«ልጄ፣ እኔ እኮ መጥቼ ነበር።»

ብርጭቆውን መሬት አስቀመጥኩ።

«ጎረቤቶቼ ወራት ሙሉ ተዪው ብለው ለመኑኝ። ሽማግሌ ላኩ። እንቢ ብዬ መጣሁ። እዚያ አግዳሚ ላይ ሆኜ፣ የመንግሥት ሰው ሲመጣ ያውቀኛል እያልኩ ነበር። አንተ በአንድ ቃል አስነሣኸኝ።»

ቢሆንም ቀን አስቀጠርኩ። በቀጠሮው ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ፀሐይ ወጥታ ነበር። ስማቸው ተጠራ፣ አልመጡም። 

ከዚያ ወዲህ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ማለዳ ኮሪደሩ ላይ እየዞርኩ «ስምዎን ማን ልበል?» እል ነበር። ተበዳዮችን ቢሮዬ አስገብቼ ወንበሬን እለቅላቸዋለሁ፣ እኔ እቆማለሁ። ባልደረቦቼ «አስተናጋጁ» አሉኝ። «አስተናጋጅ፣ አንድ ማኪያቶ!» እያሉ በበሩ ያልፋሉ። የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ ሳትስተናገድ መውጣቷን አልነገርኳቸውም።

ማክሰኞ ሄድኩ። የደወለችልኝ ልጅ በር ላይ ጠበቀችኝ፤ ለምስክሮች ብቻ የተለየች ትንሽ ክፍል አስገባችኝ። አራት ወንበር፣ አንድ ጆግ ውኃ። የተከሳሹ ዘመዶች ሌላ በኩል ናቸው። ይህን ከእኔ የተማሩት እንዳይመስላችሁ፤ እኔን የሚያውቅ እዚያ ቤት አንድም የለም።

«ብዙ ሰው አለ ብለውኝ አልነበር?» አለች ዞር ዞር ብላ እያየች።

«ዝናብ አስቀራቸው።»

ውጭው ጠራራ ፀሐይ ነው። አየችኝና ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ስሜ ገና አንዴ ሲጠራ «አቤት!» አልኩ፣ ኮሪደሩ እስኪያስተጋባ።

«ቀስ አባባ፣ ሰምተዋል» አለችኝ።

ማታ ቤቴ ገብቼ ሻይ አፈላሁ። ብርጭቆውን በግራ እጄ አነሣሁና «በግራዬ ነው፣ ይቅር በለኝ» ብዬ ለራሴ ዘረጋሁ። የሚሰጠውም የሚቀበለውም እኔው ስለሆንኩ ነገሩ አልሆነልኝም። ይቅር የሚል ሌላ ሰው ያስፈልገዋል። ጠረጴዛው ላይ መልሼ አስቀመጥኩት።